ዓሣ የሌለበት ባሕር

ሐይቅ ዳር ተወልዶ፣ ሐይቅ ዳር አግብቶ፣ ሐይቅ ዳር ሱቅ ከፍቶ ሲያበቃ ዓሣ ለማየት ብሎ ውሃ ከጅቡቲ በጀሪካን የሚያስጭን ሰው ብታገኙ ምን ትሉታላችሁ? ጎረቤቶቼ ያሉኝን ሁሉ እዚህ ብጽፈው የሚያሳትምልኝ አይገኝም። ከሁሉም ለስለስ የሚለው «ምስኪን፣ ድሮ እንኳ ደህና ልጅ ነበር» የሚለው ነው። እሱንም ያለችው ሚስቴ ናት።

እኔ የምተዳደረው በመስታወትና በአሉሚኒየም ሥራ ነው። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚያልፈው አስፋልት ዳር ባለችው ሱቄ መስኮት እገጥማለሁ፣ መደርደሪያ እሠራለሁ፣ የተሰበረ እተካለሁ። ይኼን ሁሉ ዘመን መስታወት ስቆርጥ አንድ ቀን እንኳ «ውሃ ብሞላበትስ» የሚል ሐሳብ መጥቶብኝ አያውቅም። መዘዙን ያመጡብኝ አብረውን የሚኖሩት የሚስቴ አባት ናቸው።

አባ ይማም የሐይቅ ልጅ ይሁኑ እንጂ ጉልበታቸውን የጨረሱት አሰብ ወደብ ላይ ጆንያ ሲያወርዱና ሲጭኑ ነው። የድንበሩ ጦርነት ሲነሣ አንድ ሻንጣና አንድ ሳል ይዘው አገራቸው ገቡ። ሻንጣው ከጊዜ በኋላ ተቀደደ፤ ሳሉ ግን እስካሁን አለ። ከባሕሩ የሚናፍቃቸው ደግሞ መርከቡ አይደለም፣ ንፋሱም አይደለም። ከወደቡ ግንብ ሥር የሚርመሰመሱ፣ ቢጫና ጥቁር መስመር ያላቸው ትናንሽ ዓሦች ናቸው። በምሳ ሰዓት ግንቡ ላይ ተቀምጠው ዳቦ ሲፈረፍሩላቸው ጥላቸውን አይተው ከሩቅ ይመጡ ነበር አሉ። «ሰው ሁሉ በቁጥር በሚጠራኝ አገር እነሱ ብቻ ያውቁኝ ነበር» ይላሉ።

ለውጥ መጣ የተባለ ጊዜ ድንበር ተከፈተ፣ አውሮፕላን መብረር ጀመረ፣ ተለያይቶ የኖረ ዘመድ በቴሌቪዥን ሲተቃቀፍ አየን። የአሰብ መንገድ ሊጠገን ነው ሲባል አባ ይማም ሬዲዮኑን አቅፈው ይውሉ ጀመር፤ አዲስ ጫማም አስገዙ። መንገዱ ዛሬ ነገ ሲባል ቀረ። ከዚያ ጦርነቱ መጣና በደጃችን ወታደር የጫነ መኪና ወደ ሰሜን ያልፍ ጀመር። ሌላው ሰው እህሉን ሲሸሽግ፣ ልጁን ሲመክር፣ እሳቸው ግን «እንግዲህ ጨርሶ እስኪዘጋ ነው የምጠብቀው?» ብለው ተነሡ።

አንድ ቀን ጠዋት ከመናኸሪያ ተራ አስከባሪው ደወለልኝ። «አማትህ የኮምቦልቻው ሚኒባስ ጋቢና ውስጥ ናቸው። ወደ ሚሌ የሚሄድ መኪና ታገናኙኛላችሁ ወይ እያሉ ነው» አለኝ። ባጃጅ ይዤ በረርኩ። እውነትም ጋቢና ተቀምጠዋል፤ አዲሱን ጫማ አድርገዋል።

«አባባ፣ የት ሊሄዱ ነው?»

«አሰብ።»

«በዚህ ጦርነት? በዚህ ደረት?»

«ደረቴንማ ያመመኝ ኸባሕሩ ኸተለየሁ ወዲህ ነው» አሉኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ይመስል።

ሐኪሙ በዚያ ደረት በረሃውን እንደማይሻገሩ አስረግጦ ነግሮናል። እንዲህ ያለ ሰው ከሚኒባስ ማውረድ በሬ ከማሳ ከማውጣት ይከብዳል። ለምኜ፣ ምዬ፣ ተገዝቼ ባጃጅ ውስጥ አስገባኋቸውና ግማሽ መንገድ ላይ ስንደርስ ፊታቸው ሲጠቁር ሳይ ቃል ከአፌ አመለጠኝ። «እርስዎ አይሂዱ እንጂ ባሕሩን እኔ አመጣልዎታለሁ» አልኩ።

ዞረው አዩኝ። «ዓሦቹንም?»

«ዓሦቹንም።»

«በሕይወት?»

«በሕይወት።»

«እንግዲያው ለኢድ እጠብቅሃለሁ። ለኢድ ካላመጣህ እኔው እሄዳለሁ። ያኔ ተራ አስከባሪውም አይመልሰኝ፣ አንተም አትመልሰኝ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አባ ይማም ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም፤ ሌላውም ሲያጥፍ አይወዱም። ቤት ስገባ ሚስቴ ከድጃ ነገሩን ሰማች። ከዚያ ነው ያን «ምስኪን» የምትለውን ቃል የተናገረችው።

ሰይድ የሚባል ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር አብሮ አደጌ ነው። የአሰብ መንገድ ቢዘጋም ባሕሩ ያው አንድ ነው ብዬ የባሕር ውሃ በጀሪካን፣ ትንሽ አሸዋ፣ ጥቂት የባሕር ድንጋይ እንዲያመጣልኝ፣ ዓሦቹን ደግሞ በኋላ እንዲያስከትል ለመንኩት። ሳቁን ሲጨርስ እሺ አለ። ጭኖ ሲመለስ ኬላ ላይ ፈታሹ «ይኼ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል። «ውሃ።» «ከጅቡቲ ውሃ? ሰው ከዚህ ወደዚያ ነው እንጂ ውሃ የሚያሻግረው» ይልና አንዱን ጀሪካን ከፍቶ ይቀምሳል። አላመነም፤ ሌላውንም ይቀምሳል። ከዚያ ፊቱን አጨማዶ «እለፍ፣ ይኼን የሚጠጣ ሰው ቅጣቱን በራሱ ወስኗል» ብሎ አሳለፈው።

የዓሣ ሣጥኑን የሠራሁት ራሴ ነኝ። ወፍራም መስታወት ቆርጬ በሲሊኮን አጣበቅሁ። ዝናብ እንዳይገባ ማድረግና ውሃ እንዳይወጣ ማድረግ አንድ ሙያ ይመስለኝ ነበር። የተለያዩ ሙያዎች መሆናቸውን ያወቅሁት የሚስቴ እናት እማማ ሐዋ ለእንግዳ ብቻ የሚያነጥፉት ስጋጃ ቀይ ባሕርን ሲጠጣ ነው። ደግነቱ ለሙከራ የሞላሁት ጥቂቱን ነበር። እንደገና ለጠፍኩ፣ አደረቅሁ፣ ሞላሁ። የባሕሩን ድንጋይ ከአሸዋው ላይ ደረደርኩ፣ ውሃ የምታንቀሳቅስ ትንሽ ፓምፕ ሰካሁ፤ ሳሎናችን ውስጥ ባሕር ሆነ።

ከዚህ በኋላ ዓሣ ማስገባት ብቻ ነው የቀረኝ ብዬ አዲስ አበባ የዓሣ ሣጥን ለሚሸጥ ሰው ስልክ ደወልኩ። ሰውየው ትዕግሥተኛ ነው፤ አስተማሪ የሚያሰኘው ዓይነት።

«አሁን እንዳታስገባ» አለኝ። «ዓሣ እዚያው በልቶ እዚያው ይጸዳዳል። ያንን ቆሻሻ የሚበሉ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ድንጋይና አሸዋው ላይ መራባት አለባቸው። እነሱ ሳይበዙ ዓሣ ካስገባህ በገዛ ሽንቱ ተመርዞ ይሞታል።»

«እንዴት ነው የማራባቸው?»

«የሚበሉት ስጣቸው። ቁራጭ ዓሣ ጣልበትና ይበስብስ።»

«ከዚያስ?»

«ጠብቅ።»

«ምን እየሠራሁ?»

«ምንም። ሳምንታት ይወስዳል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማህም?»

ሰምቻለሁ፤ እኔን ይመለከታል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። የውሃ መለኪያ በአውቶቡስ ላከልኝ። ከውሃው በብልቃጥ ቀድቶ መድኃኒት ማንጠባጠብ ነው፤ አረንጓዴ ከሆነ የቆሻሻው መርዝ አለ፣ ቢጫ ከሆነ ፍጥረታቱ በልተው ጨርሰውታል፤ መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ኋላ ቢጫ መሆን አለበት። እኔም ከገበያ ቆሮሶ የምንለውን የሐይቃችንን ዓሣ ገዝቼ አንድ ቁራጭ ጣል አደረግሁበትና መጠበቅ ጀመርኩ። ምንም አለመሥራትን የመሰለ አድካሚ ሥራ አይቼ አላውቅም።

ወሬው ከተማውን ሲያዳርስ ሰው ይጎርፍ ጀመር። «ዓሣው የታል?» ይሉኛል። «ገና ነው።» «ታዲያ ምኑን ነው የምናየው?» «ውሃውን።» አንዱ ባለ ባጃጅ «ውሃማ እታች ዳር እስከ ዳር ተኝቶ የለ፣ ያውም ከነዓሣው» ብሎኝ ወጣ። ከሁሉም የገረመኝ ግን የሰዉ ይሉኝታ ነው። አንዲት ጎረቤታችን ባዶውን ሣጥን ዞረው ዞረው ካዩ በኋላ የቤቱ ሰው እንዳይከፋው ብለው «ማሻአላህ፣ እንዴት ታምራለች» አሉ። ማን እንደምታምር አልጠየቅኋቸውም።

ዓሣ የሚገማው ከአናቱ ነው ይባላል። የእኔው ቁራጭ አናት አልነበረውም፤ ስለዚህ በሁሉም በኩል ገማ። ውሃው እንደ አጥሚት ደፈረሰ። እኔ ደስ ብሎኝ በየጠዋቱ ብልቃጤን ይዤ ስሮጥ፣ አረንጓዴው ሲጠቁር «ተሳካ» ስል፣ እማማ ሐዋ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ይዘው ያዩኛል። አንድ ዓርብ እንግዳ ሊመጣባቸው ሆነ። እማማ ሐዋ ደግሞ እንግዳ በግማት የሚቀበሉ ሴት አይደሉም። እኔ ሱቅ ውዬ ስመለስ ሣጥኑ እንደ መስተዋት ያበራል። ግማሹን ውሃ ጓሮ ደፍተውታል፤ ቃሪያው በማግሥቱ ደረቀ። መስታወቱን በሎሚ፣ ድንጋዮቹን በአመድ ፈትገዋቸዋል። የጎደለውን ከቧንቧ ቀድተው ሞልተዋል። ቁራጭ ዓሣውን ድመቷ እንኳ አልነካችውም አሉኝ።

«እማማ፣ እነዚያ ፍጥረታት እኮ ድንጋዩ ላይ ነበሩ።»

«ኧረ ልጄዋ፣ የምን ፍጥረት? አንድም አላየሁ። ባይ አስተርፍልህ ነበር።»

በእውነት ያስተርፉልኝ ነበር። ምን እላቸዋለሁ? የእኔ እናት ብትሆን እጮህ ነበር፤ በሚስት እናት ላይ አይጮህም። ሱቄ ሄጄ አንድ ደህና መስታወት ሰበርኩና ተመለስኩ።

አባ ይማም ግን ጣታቸውን ነክረው ቀመሱ። ዓይናቸውን ጨፍነው አጣጣሙ። «ይኼ እንደ አሰብ አይደለም» አሉ። «ግማሹ ቧንቧ ነው።» ከዚያን ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ይቀምሱታል። እኔ ከገበያ የአፋር ጨው ልጨምርበት ብል የአዲስ አበባው ሰው ከለከለኝ፤ ሰይድ ሌላ የባሕር ውሃ እስኪያመጣ ባለበት ይቆይ አለ። ባሕራችን እንዲህ ግማሽ ቀይ ባሕር ግማሽ ቧንቧ ሆኖ ቀረ። አዲስ ቁራጭ ጣልኩና እንደገና ከአሊፍ ጀመርኩ።

ረመዳን እየቀረበ ሲመጣ አባ ይማም ነገሩ የዘገየበትን ምክንያት አገኙት። «ዱዓ ሳይደረግበት ነው የተጀመረው» አሉ። ወደጃ ተጠራ፤ ሰብሰብ ብሎ ጫት እየቃሙ ዱዓ ማድረግ ነው። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ሣጥኑን ከበው ተቀመጡ፤ ጫታቸውን ፊታቸው አደረጉ። ሼህ ሙሔ ደግሞ ለታመመ፣ ለጠፋ፣ ለዘገየ ዝናብ ዱዓ የሚያደርጉ ሰው ናቸው፤ ለታመመ ውሃ ግን የመጀመሪያቸው ነው። ቢሆንም አላመነቱም።

«ያረቢ፣ ይችን ውሃ ኸባሕሯ ለይተህ እኛ ቤት አምጥተሃታልና እንግድነቷን አክብርላት።»

«አሚን።»

«መብራቱን አትንሳት።»

«አሚን» አልን፤ ጮክ ብለን።

«ጦሩን አብርድልን፣ የሄዱትን በሰላም መልስልን፣ መንገዱን ክፈትልን።»

እዚህ ላይ አሚኑ ዝቅ አለ። ከተቀመጡት ብዙዎቹ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ጦር ግንባር አላቸው። እኔም ሣጥኔን ረስቼ አሚን አልኩ፤ እውነቴን ነው።

እንግዲህ በዚህ ቢያበቃ ምናለ። ዱዓ ምርቃት አለው፤ የሽማግሌ ምርቃት ደግሞ እንትፍታ አለው። ሼህ ሙሔ ብድግ ብለው፣ የሣጥኑን ክዳን ገለጥ አድርገው፣ «እንትፍ፣ እንትፍ፣ እንትፍ፤ ለምለም ያድርግሽ» አሉና ውሃው ላይ መረቁ። በታላቅነት ቅደም ተከተል ሌሎቹ ቀጠሉ። ጫት ሲቅም የዋለ ሽማግሌ እንትፍታው ደረቅ እንዳይመስላችሁ። ጎረቤታችን ዓሣ አጥማጁ ደምሴም «እኔስ ለምን እቀራለሁ» ብሎ ከግሸን ያመጣትን ጸበል ከቤቱ ይዞ መጥቶ ጠብ አደረገበት። ባሕራችን በሁለቱም በኩል ተጠበቀች፤ ያልተጠበቅሁት እኔ ነኝ።

በነጋታው ለአዲስ አበባው ሰው ደወልኩለት። ነገሩን እስከ መጨረሻው ነገርኩት። ከዚያ በጣም በቀስታ «ስንት ሰው ነው የተፋበት?» አለኝ። ብልቃጡ አረንጓዴ ሆነ፣ ከአረንጓዴም አልፎ ወደ ሌላ ቀለም ሄደ። አበቃልኝ ስል ግን ከቀን ወደ ቀን እየፈዘዘ መጣ። ሰውየው ይኼን ሲሰማ ማመን አቃተው፤ ለነዚያ ፍጥረታት ምግብ ሆኗቸው ይሆናል አለ። ለሼህ ሙሔ ይኼን አልነገርኳቸውም። እሳቸው ምክንያቱን ያውቁታል።

ረመዳን ገባ፤ መብራት መጥፋት ጀመረ። ፓምፑ ሲቆም ፍጥረታቱ አየር አጥተው ያልቃሉ ስለተባለ ውሃውን በጆግ ከላይ እየቀዱ መልሶ ማፍሰስ ያስፈልጋል። ተራ አወጣን፤ ግን ከአባ ይማም ሌላ ተራውን የጠበቀ የለም። ጾመኛ ሆነው፣ ሳላቸውን እየዋጡ፣ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ይቀዳሉ፣ ያፈሳሉ። ባዶውን ውሃ ያናግሩታል። የትኛው መርከብ ምን ጭኖ እንደመጣ፣ ማን ከክሬን ላይ እንደወደቀ፣ ስንት ሰው እንደሸሸ ይነግሩታል። አንድ ቀን ከኋላቸው ቆሜ ስሰማ አንጀቴን በሉት። ያ ሁሉ ጣጣዬ እሳቸውን ከሚኒባስ ለማስቀረት ነበር፤ አሁን ግን እነዚያን ዓሦች ለራሴም ላያቸው ፈለግሁ።

ኢድ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ብልቃጡ ቢጫ ሆነ። እንደ ጠጅ ጥርት ያለ ቢጫ። ለከድጃ አሳየኋት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ «ጎበዝ» አለችኝ። ሰይድን ዓሦቹን አምጣ ልለው ስልኩን ሳነሣ እሱ ቀድሞ ደወለ።

«ወንድሜ፣ ጅቡቲ አልሄድም» አለ። «መኪናዬ ለሠራዊቱ ስንቅ እንዲጭን ታዟል። ወደ ሰሜን ነኝ። መቼ እንደምመለስም አላውቅም፤ ዱዓ አድርግልኝ።»

ስለ ዓሣ ላነሣበት አፈርኩ። በሰላም ግባ ብዬ ዘጋሁ። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት አባ ይማምን ፊት ለፊት ማየት አቃተኝ። የኢድ ዋዜማ ጫማቸውን ሲወለውሉ አየሁ። ለሶላቱ ይሁን ለሚኒባሱ የሚጠይቅ ድፍረት አልነበረኝም።

የኢድ ጠዋት ሰግደን ስንመለስ ሳሎኑ ሰው ሞልቷል። ደምሴ እንኳን አደረሳችሁ ለማለት መጥቷል፤ በባዶ እጅ አይመጣ ነገር፣ ከጠዋቱ መረብ ትንሽ ሕያው ቆሮሶ በባልዲ ይዞ መጥቷል። ይዞ መምጣት ብቻ ሳይሆን ሣጥኑ ውስጥ ከትቷታል። «በዓል ሆኖ ባዶዋን ስትቆም አሳዘነችኝ» አለኝ። እኔ ጭንቅላቴን ያዝኩ። የሐይቅ ዓሣ በጨው ውሃ! የአዲስ አበባው ሰው በስልክ «ግማሽ ባሕር ነው ብለኸኛል፤ ብትተርፍም ለጥቂት ነው፤ የምትሞት ይመስለኛል» አለ። ቆሮሶዋ አሸዋው ላይ ጋደም ብላ ጉንጯን ብቻ ታነሣለች፣ ትጥላለች።

አባ ይማም ጎንበስ ብለው አዩአት።

«ደምሴ፣ ይች ኸሐይቁ ናት።»

«አዎን፣ አባ ይማም።»

«መስመርም የላት።»

«የላትም።»

በርጩማቸውን ሳቡ። መብራት ሄደ፤ ጆጉን አነሡ። ድፎው ሲቆረስ አልተነሡም፤ የሚጠይቃቸው ሰው ሁሉ ኢድ ሙባረክ ያላቸው እዚያው ሣጥኑ ሥር ነው። እኔ ሬሳ እንደሚጠብቅ ሰው በሩ ላይ እወጣለሁ፣ እገባለሁ።

በማግሥቱ ጠዋት እሳቸው ቀድመውኝ ተነሥተዋል። ዳቦ ፈርፍረው ውሃው ላይ በትነዋል፤ ቆሮሶዋ ከአሸዋው ተነሥታ ከሥራቸው ትዞራለች። አንዷን ፍርፋሪ ጎረሰች፣ ተፋቻት፣ መልሳ ጎረሰቻት።

«እኔም አሰብ የገባሁ ሰሞን እንዲሁ ነበርኩ» አሉኝ ሳይዞሩ። «ሙቀቱና ጨዉ ጥሎኝ ኸመሬት አልተነሣሁም ነበር። ሰው ይሞታል ብሎ ተስፋ ቆርጦ ነበር። ኋላ ለመድኩት።»

ከዚህ በላይ መሸከም አልቻልኩም። «አባባ፣ ሰይድ አይመጣም። ዓሦቹም አይመጡም» አልኳቸው።

«አውቄያለሁ። ለእኔም ደውሎልኛል።»

«መቼ?»

«ለአንተ የደወለ ቀን።»

ወለል ላይ ተቀመጥኩ። ያን ሁሉ ቀን እኔ እሳቸውን ስሸሽ እሳቸው ማወቃቸውን ሲሸፍኑልኝ ኖረዋል። «ታዲያ ኢድም አለፈ፤ ለምን አልሄዱም?» አልኩ። ይኼ ጥያቄ ከአፌ ሲወጣ ራሴን በጥፊ መምታት አማረኝ።

አባ ይማም አሁን ዞረው አዩኝ፤ ይኼ ልጅ መቼ ነው ልብ የሚገዛው በሚል ዓይን።

«እኔ አሰብ ኸሄድኩ» አሉ ጆጉን እያሳዩኝ፣ «መብራት ሲጠፋ ለዚች ማን ሊቀዳላት ነው?»